አራስ በስንት ትራስ ትተኛለች? (ከወሊድ በኋላ የልብ ድካም የገጠመው ካለ)

የአባይ_ማዶ_አባወራ · ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለቤቴ ከወለደች 9 ሳምንቷ ነው። ወንድ ልጅ፣ ሁለተኛችን። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሳ። ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ባጃጁ መቶ እርምጃ አይሞላም። ሦስት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች።

ምልክቱ ቀድሞም ነበር፣ ያላየነው እኛ ነን። እግሯ አበጠ፣ "አራስ ናት፣ ያብጣል" ተባለ። ማታ ማታ ትስላለች፣ "ብርድ መቷታል" ተባለ። በር ተዘጋ፣ መስኮት ተዘጋ፣ ጋቢ ተደረበ። መጀመሪያ በአንድ ትራስ ነበር የምትተኛው። በአምስተኛው ሳምንት ሦስት ትራስ ደራርባ፣ ያው ተቀምጣ ማለት ነው። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስነቃ የዘጋነውን መስኮት ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ አየር ትስባለች።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ጀመሩላት። ስም አልጠራም። በአምስተኛው ቀን ባሰባት። ሌላ ቦታ ወሰድኳት፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳች። "የልብ ጡንቻዋ ደክሟል፣ ከወሊዱ ጋር የመጣ ነው" አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ኢኤፍ 28 በመቶ ይላል። ስድስት ቀን ተኝታ ወጣች። እግሯ ጎድሏል፣ ትንፋሿም ተሻሽሏል።

አሁን የቸገረኝ ቤት ውስጥ ነው። አራት ዓይነት ክኒን ታዞላታል። ሜቶፕሮሎል የሚባለውን ስትወስድ ይበልጥ ይደክመኛል ትላለች፣ ልትተወው ነው። አማቴ "የምታጠባ ሴት ይሄን ሁሉ ኪኒን ውጣ ልጁ ምን ሊሆን ነው፣ ጸበል ትግባ" ይላሉ። እናቴ ደግሞ ጥፋቱን አማቴ ላይ አድርጋዋለች። ገንፎው ነው፣ ቅቤው ነው፣ ጨው በዛ ትላለች። ሁለቱ አይነጋገሩም። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ወተት የሚያደርቅ መድኃኒት ልብ ያድናል የሚል አነበብኩ። ይሄ ነገር እውነት ነው?

---

አንተነህ_ባይ · ሰኞ፣ ማታ 3፡31

እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። የማውቀው የለም፣ ግን ክሩን እየተከታተልኩ ነው።

---

ሲስተር_ተረኛ · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

እንኳን ማርያም ማረቻት።

እዚሁ ባሕር ዳር የውስጥ ደዌ ክፍል ነው የምሠራው። የጻፍከው በየወሩ ከምናየው አይለይም። ልብ ደም መግፋት ሲያቅተው ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ቀን ውሃው እግር ላይ ይወርዳል። ማታ ጋደም ስትል ወደ ላይ ይመለስና ሳንባዋን ይሞላዋል። ትራስ የምትጨምረው ለዚህ ነው። እኛ ክፍል ካርድ ገና ሳይገለጥ "በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?" ብለን እንጠይቃለን። ያቺ ጥያቄ ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች።

በሽታው በእርግዝና መጨረሻ ወር ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት 5 ወራት ውስጥ ነው የሚመጣው። ከዚያ በፊት ልቧ ደህና የነበረች፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘባት ሴት ናት። ኢኤፍ ከ45 በታች ይወርዳል። የሚታለፈውም አራስነትን ስለሚመስል ነው። ድካሙ፣ እብጠቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ ያው ነው። አራስ ይደክማታል፣ እውነት ነው። ግን አራስ ስትጋደም አየር አያጥራትም።

28ን አይተህ አትደንግጥ። ልቧ 28 ከመቶ ቀረ ማለት አይደለም። ኢኤፍ የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚገፋው ስንት በመቶ ነው ማለት ነው። ያንተም ልብ 100 አይገፋም። የጤነኛ ሰው ከ55 እስከ 70 አካባቢ ነው። ከ28 ወደ 55 የሚሄድ መንገድ ነው ያለባት እንጂ ወደ 100 አይደለም።

አንድ ጥያቄ፦ ቫልቩ ደህና ነው ተብሏል? በልጅነት ቶንሲል ሲመላለስባቸው ቫልቫቸው የተጎዳ ልጆች በኛ አገር ብዙ ናቸው። እርግዝና ሲመጣ ነው የሚታወቀው። ምልክቱ አንድ፣ ሕክምናው ሌላ።

---

የአባይ_ማዶ_አባወራ · ሰኞ፣ ማታ 4፡12

ቫልቩ ንጹሕ ነው ብለዋል ሲስተር። አመሰግናለሁ።

---

ጥያቄ_ብቻ · ሰኞ፣ ማታ 4፡40

የልብ ድካም ማለት ያ ድንገት ደረት ይዞ የሚጥለው አይደለም እንዴ? ዜና ላይ "በልብ ድካም አረፈ" ሲባል የምሰማው እሱን ነው።

---

ሬዚደንቱ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ከማታ ተረኛ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

@ጥያቄ_ብቻ፣ ዜናው ነው የሚያምታታን። ድንገት የሚጥለው ብዙ ጊዜ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ነው። የልብ ድካም ልብ እየሠራ የሚያቅተው ነው። ሞተሩ አልጠፋም፣ ዳገት አልወጣ አለ።

ወደ ባለጉዳዩ ልምጣ። ባለቤትህ ሜቶፕሮሎል ያደክመኛል ማለቷ ትክክል ነው። አትከራከራት። መድኃኒቱ የልብ ምትን ቀስ ያደርጋል፣ የመጀመሪያ ሳምንታት ይከብዳል። ደግሞ በዚህ ነገር ሐኪሞቹ ራሳቸው ድሮ ከእሷ ጋር ነበሩ። ለዓመታት ተማሪ ሁሉ የሚማረው "ለደከመ ልብ ይሄን እንዳትሰጥ" ነበር። የደከመ በሬ ላይ ቀንበር እንደ መጫን ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ ፊን ዋግስታይን የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ የልብ ጡንቻ በሽታ ላለባቸው 7 ሰዎች ሰጡና መሻሻላቸውን ጻፉ። ሰባት ሰው! ማን ይመን። ነገሩ እስኪያዝ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1999 ግን 3,991 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ሜቶፕሮሎል የወሰዱት ሰዎች ሞት ካልወሰዱት በ34 በመቶ ቀነሰ።

ምስጢሩ ይሄ ነው። የደከመ ልብ እርዳታ ፈልጎ አድሬናሊን ይጠራል። አድሬናሊኑ ይገርፈዋል። ለቀናት ይጠቅማል፣ ለወራት ሲሆን ጡንቻውን ይበላዋል። መድኃኒቱ ጅራፉን ነው የሚቀማው። ለዚህ ነው ከትንሽ ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ከፍ የሚደረገው። ድካሙ ከበዛባት ሐኪሟ ወደ ታች ያወርደዋል። ድንገት ማቆም ግን አደጋ አለው። እባክህ ይሄን አጥብቀህ ንገራት።

---

ፋርማሲ_ጥግ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ከሬዚደንቱ ጋር አንድ ነኝ። ከመደርደሪያው ወዲህ ሆኜ የማየውን ልጨምር።

ሰው ማዘዣ ይዞ ይመጣል። አራት መድኃኒት ተጽፏል። ብር ሲያጥር "ላሲክሱን ብቻ ስጠኝ" ይላል። ምክንያቱም ላሲክስ የሚታይ ነው። ጠዋት ውጦ እስከ ምሳ ይሸናል፣ እግሩ ይጎድላል፣ ተሻለኝ ይላል። ሌሎቹ ምንም አይታዩም። ግን ላሲክስ ውሃውን ነው የሚቀዳው፣ ጣሪያውን አይደፍንም። ዕድሜ የሚጨምሩት እነዚያ የማይታዩት ናቸው። ኢናላፕሪልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን አውሮፓ 253 በጠና የታመሙ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ6 ወር ውስጥ የሚሞተውን በ40 በመቶ ቀነሰ። እኔ ጋ ከአራቱ ርካሹ ኢናላፕሪል ነው። ሰው ግን ትቶት ይሄዳል።

ሌላ ነገር። ሜቶፕሮሎል ሁለት ዓይነት አለ። ታርትሬትና ሳክሲኔት። ሬዚደንቱ የጠቀሰው ጥናት የተሠራው በሳክሲኔቱ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚለቀው። ታርትሬቱን ብቻ ያገኘህ እንደሆነ ዝም ብለህ አትተካ፣ ሐኪሙን ጠይቅ። የሜቶፕሮሎል ዘመድ የሆነው ካርቬዲሎልም አለ።

---

ማዶ_ለማዶ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡00

ይሄ ሁሉ ስዊድን፣ ሰሜን አውሮፓ። እዚያ ያለው በሽተኛ የ75 ዓመት ሽማግሌ ነው፣ ደም ሥሩ በስብ የተዘጋ። የኛ የ26 ዓመት አራስ ናት። ምን አገናኛቸው?

---

ሬዚደንቱ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡20

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልቆጣም።

እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በ9 የአፍሪካ አገሮች በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ኢትዮጵያም አለችበት። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ነው። ልክ ነህ፣ አውሮፓ ከ70 በላይ ነው። የተዘጋ ደም ሥር ምክንያት የሆነባቸው ከአሥር አንድ አይሞሉም። ትልቁ ምክንያት ደም ግፊት ነው፣ 45 በመቶ አካባቢ። በ6 ወር ውስጥ ወደ 18 በመቶ ሞተዋል። እነዚህ የሥራ ሰዎች ናቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ። ስለዚህ በሽታው ለየት ይላል። ጡንቻው ከደከመ በኋላ ግን የሚደርስበት ግርፋት ተመሳሳይ ነው፣ መድኃኒቱም እዚያ ላይ ነው የሚሠራው።

---

የዘጌዋ_እናት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ አምስት ወልጃለሁ፣ አራቱን ዘጌ፣ አንዱን ባሕር ዳር። ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ የዶሮ ሾርባ በልቻለሁ። ልቤ እስከ ዛሬ ቡና ይዤ ዳገት ያስወጣኛል። እናትየውን አትውቀሷት። እሷም የእናቷን ነው ያደረገችው።

---

ሬዚደንቱ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡45

እማማ፣ ለእርስዎ የሚሆን አንድ ታሪክ አለኝ። ይሄን ክር ሳነብ ከጠዋት ጀምሮ በጭንቅላቴ ሲዞር ነበር።

ሰሜን ናይጄሪያ ዛሪያ የሚባል ከተማ አለ። የሃውሳ አራሶች በ40 ቀን ውስጥ ካንዋ የሚባል የሐይቅ ጨው በአጥሚት ይጠጣሉ። ከቻድ ሐይቅ ዳር የሚወጣ ነው። ከሥር እሳት በሚነድበት የጭቃ መደብ ላይ ይተኛሉ፣ በቀን ሁለቴ በፈላ ውሃ ይታጠባሉ። ብርድ እንዳይገባ ነው። ሰማችሁ? ብርድ! ከባሕር ዳር ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ አንድ ዓይነት ፍርሃት።

ዛሪያ ደግሞ ይሄ በሽታ ከሌላው ዓለም እጅግ የሚበዛበት ቦታ ነበር። በ1970ዎቹ ኤልድሪድ ፓሪ የሚባሉ የዌልስ ሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር አጠኑት። ሰውዬው ከዛሪያ በፊት አዲስ አበባ ያስተማሩ ናቸው። ጨውና ሙቀት ልቡ ላይ ውሃ ጫነበት አሉ። አሳማኝ ነው። እኔም ተማሪ ሆኜ ሳነበው "በቃ፣ ተገኘ" ብዬ ነበር።

ከዚያ ናይጄሪያውያን ራሳቸው ሰፊ መዝገብ አደራጁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። በሽታው ያለባቸውን ሴቶች ከጤነኛ አራሶች ጋር አነጻጸሩ። ካንዋውም፣ የፈላ ውሃውም ልዩነት አላመጣም። ጤነኞቹም ያደርጉታላ! ልዩነት ያመጣው ሌላ ነው፦ ያልተማረች መሆን፣ ሥራ የሌላት መሆን፣ ከሲታ መሆን፣ በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ኖሮባት ማወቅ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አማትህ ነጻ ናቸው። የኛ ጣና እንኳ ጨው የለውም። ገንፎው በሽታውን አላመጣም። ግን ልቡ አንዴ ከደከመ ጨው ውሃ ይይዛል። እናትህም ግማሽ ልክ ናት። ሁለቱንም ቡና ላይ አስቀምጣቸውና እንዲህ በላቸው።

---

ሲስተር_ተረኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡00

እርግዝና ላይ ደም ግፊት ነበራት?

---

የአባይ_ማዶ_አባወራ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡08

በስምንተኛው ወር ከፍ ብሏል ተብላ ነበር። ከወለደች በኋላ ማንም አልለካትም።

---

ሲስተር_ተረኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡11

አዎ። እዚያ ላይ ነው የሚያመልጠን። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ልጁ ለክትባት ሲመጣ ሁላችንም ልጁን እንመዝናለን። እናትየው አዝላው የመጣች አንቀልባ ትመስል ማንም አያያትም።

---

ዲያቆኑ_ነኝ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ስለ ጸበሉ ልናገር። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። መድኃኒትህን ጣል የሚል ካህን ካለ ሌላ ካህን ጠይቅ። ሐኪምንም መድኃኒትንም እግዚአብሔር ነው የሰጠን። ክኒኗን በጸበሉ ትዋጠው።

---

ሲስተር_ተረኛ · ረቡዕ፣ ቀን 6፡15

አባቴ ይባርክዎት። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት፣ መጠኑ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ሆዱ እስኪነፋ ጸበል ከጠጣ ያ ሁሉ ውሃ ሳንባው ላይ ነው የሚያርፈው። እንደዚያ ሆነው የመጡ ተቀብያለሁ። በሲኒ ይሁንላት። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ከሄደች በኋላ ትመዘን። በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረች ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። ይዘሃት ና።

---

ብሮሞ_ጠያቂ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ወተት የሚያደርቀውን መድኃኒት ማንም አልመለሰም። እኔም እህቴ ተጽፎላት ነበር።

---

ሬዚደንቱ · ረቡዕ፣ ማታ 5፡10

እሱን ሆን ብዬ አቆየሁት፣ ከባድ ስለሆነ።

ብሮሞክሪፕቲን ነው። ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ፕሮላክቲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአይጥ ላይ በተሠራ ምርምር ይሄ ሆርሞን ተሰባብሮ የሚወጣው ቁራጭ የልብን ቀጫጭን ደም ሥሮች እንደሚጎዳ ታየ። ታዲያ ሆርሞኑን ብንዘጋውስ? በ2010 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 20 ሴቶች ተወሰዱ። አሥሩ ተሰጣቸው፣ አሥሩ አልተሰጣቸውም። በ6 ወር የወሰዱት ኢኤፍ ከ27 ወደ 58 ወጣ። ያልወሰዱት ከ27 ወደ 36። ከወሰዱት አንዷ፣ ካልወሰዱት አራት ሞቱ።

ቁጥሩ ያስጎመጃል። ግን 20 ሰው ነው፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ የአንድ ዕድር ስብሰባ አይሞላም። በ2017 ጀርመን ውስጥ 63 ሴቶች ላይ የአንድ ሳምንትና የስምንት ሳምንት አወሳሰድ ተነጻጸረ። ሁለቱም ጥሩ ተሻሻሉ፣ ማንም አልሞተም። ግን ጨርሶ ያልወሰደ ቡድን አልነበረበትም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሌላው ሕክምና በደንብ አይለይም።

ደግሞ ደም እንዳይረጋ አብሮ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ወተቱም ይቆማል። እኛ አገር ወተት ማቆም ማለት የቆርቆሮ ወተት መግዛት፣ ንጹሕ ውሃ ማግኘት፣ ጡጦ መቀቀል ነው። ልብ አድነን ልጁን በተቅማጥ እንዳንጥለው እንፈራለን። የኔ አስተያየት፦ ገና እንደታወቀ፣ ልቧ በጣም ለደከመች ሴት ሐኪሙ ሊያስበው ይችላል። ያንተ ባለቤት በዋናዎቹ መድኃኒቶች እየተሻላት ከሆነ አልቸኩልም። ኢናላፕሪል እያጠቡ የሚወሰድ ነው፣ አማትህን በዚህ አረጋጋቸው። እርጉዝ ስትሆን ነው የማይወሰደው።

---

ሁለት_ልጅ_በቃኝ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

እኔ የዛሬ አራት ዓመት ይሄው ነበርኩ። ኢኤፌ 31 ነበር። በ8 ወሬ 54 ገባ። ዛሬ ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ድልድይ በእግሬ እሄዳለሁ።

ማንም ያልነገረኝና ከሁሉ የከበደኝ "ሌላ ልጅስ?" የሚለው ነው። ባልሽ ይጠይቃል፣ አማት ትጠይቃለች። እኔም ወንድ ልጅ አምሮኝ ነበር። ሐኪሜ አንድ ጥናት አሳየችኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ። ይሄ በሽታ ኖሮባቸው እንደገና ያረገዙ 44 ሴቶች። ልባቸው ሙሉ በሙሉ ካገገመው አንድም አልሞተችም፣ ግን ከአምስት አንዷ እንደገና የልብ ድካም ምልክት ታየባት። ካላገገሙት 19 በመቶ ሞቱ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ አንስቶት አያውቅም።

ስለ መከላከያም ጠይቂ በላት። ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን ደም ያረጋል፣ ለኛ አይሆንም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ነው እኔ የያዝኩት።

---

አንተነህ_ባይ · ሐሙስ፣ ቀን 7፡40

በዘር ይተላለፋል?

---

ሬዚደንቱ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

አንዳንዴ። እ.ኤ.አ. በ2016 በ172 ሴቶች ላይ በተደረገ የጂን ምርመራ 15 በመቶው ላይ የልብ ጡንቻን የሚያደክም ለውጥ ተገኝቷል። ዋናው ታይቲን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው፣ የጡንቻው ጅማት በሉት። የጂን ምርመራው ሩቅ ነው፣ ጥያቄው ግን ነጻ ነው፦ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በልብ የሞተ አለ?

---

የአባይ_ማዶ_አባወራ · ከ4 ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ማታ 1፡30

ክሩን ያስነሳሁት ይቅርታ። ትላንት ኢኮ ተነሳች። 28 የነበረው 46 ሆኗል። ገና ነው አሉ፣ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ሜቶፕሮሎሉ ሁለት ጊዜ ከፍ ተደርጎላታል። አሁን ድካሙ ለቋታል።

አማቴ ያለ ጨው ገንፎ ሠሩ። መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱት። ዝም ብለው ማንኪያውን አስቀመጡና "ይሄ ለአራስ ሳይሆን ለግድግዳ ነው" አሉ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ጨመሩበት። እናቴ መጥታ ቀመሰችው። ተነጋገሩ ማለት አልችልም፣ ግን "ኮረሪማው ከየት ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ትራሷ አንድ ሆኗል። ሁለቱን እኔ ወስጃቸዋለሁ።

---

ቆሮሶ_ነጋዴ · እሑድ፣ ማታ 4፡50

ዛሬ ነው ክሩን ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት። እህቴ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ደወልኩና በስንት ትራስ ነው የምትተኚው አልኳት። ሳቀችብኝ። ሁለት አለች። ነገ ሥራ ስጨርስ ይዣት ልሂድ ይሆን?

---

ሲስተር_ተረኛ · እሑድ፣ ማታ 4፡53

ከመውለዷ በፊት ስንት ነበር? ማታ ትስላለች?

---

ቆሮሶ_ነጋዴ · እሑድ፣ ማታ 5፡01

አንድ ነበር አለች። ትስላለች፣ ጋደም ስትል።

---

ሲስተር_ተረኛ · እሑድ፣ ማታ 5፡02

ታዲያ ምን ትጽፋለህ? ባጃጅ ጥራ። ተረኛ ነኝ።